«ቼሪሽድ» ለየትኛው ዕቃ ይሆናል? ከ«ፕሬሸስ»፣ ከ«ትሬዠርድ» እና ከ«ፕራይዝድ» ጋር እየተምታታ ነው

ቸርችል ጎዳና (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቸርችል ጎዳና እና ፒያሳ ላሉ የስጦታ ዕቃ ሱቆች የእንግሊዝኛ መግለጫ ካርድ እየተዘጋጀ ነው። ዕቃዎቹ የብር መስቀል፣ የማርያ ትሬዛ ብር የተንጠለጠለበት የአንገት ጌጥ፣ የወሎ ኦፓል፣ የሀገር ልብስ፣ ጀበና እና የታሸገ ቡና ናቸው። ረቂቁ ላይ ለሁሉም «ቼሪሽድ» ተብሎ ተጽፏል፤ መዝገበ ቃላቱ «ውድ፣ የተወደደ» ስለሚለው ለሁሉም የሚስማማ መስሎ ነው። አንድ አንባቢ ግን «ይሄ ቃል ለአዲስ ዕቃ አይሆንም» ብሎ መልሶታል። የት ይገባል? የትስ አይገባም? በእሱ ፈንታ ምን ይጻፍ? ካርዱ ላይ ያለው ቦታ ከሁለት መስመር አይበልጥም።

የአራት ኪሎ ተርጓሚ
አንባቢው ትክክል ነው። «ቼሪሽድ» የዕቃውን ዋጋ አይናገርም፤ የሚናገረው ሰው ለዕቃው ያለውን ስሜት ነው። ቃሉ የመጣው «ቼሪሽ» ከሚለው ግስ ነው፤ ግሱ ደግሞ ከድሮው ፈረንሳይኛ፣ ሥሩም «የተወደደ» ከሚለው የላቲን ቃል። በግሱ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፦ መውደድ እና መንከባከብ። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ቃል ኪዳን ላይ ሙሽሮቹ «ልወድህ» ካሉ በኋላ ይህንኑ ግስ የሚጨምሩት ለዚህ ነው፤ ከፍቅር በላይ በጥንቃቄ መያዝን ይጠይቃል።

አማርኛው ላይ «ውድ» ብለን ስንተረጉመው ነው የምንሳሳተው። «ውድ» ሁለት ፊት አለው፤ «ውድ ልጄ» እና «ውድ ዕቃ ነው፣ አልገዛም»። «ቼሪሽድ» ሁለተኛው ፊት የለውም። የሚቀርበው አማርኛ «የሚሳሱለት» ነው። እናት የምትሳሳለት ፎቶ፣ አያት የሚሳሱላት ዳዊት። የፎቶው ወረቀት ገበያ ላይ አንድ ብር አያወጣም፤ ቃሉ ግን በትክክል ይገባዋል።

ስለዚህ ቃሉን ከመጻፍህ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ «በማን?» ዕቃው በማን ነው የሚሳሳለት? መልስ ካለ (በቤተሰቡ፣ በደብሩ፣ በመንደሩ ሰዎች) ጻፈው። ትናንት ተሠርቶ ዛሬ መደርደሪያ ላይ የወጣ መስቀል ገና ማንም አልሳሳለትም፤ ስለዚህ ቃሉ ባዶ ነው። ገዥውም ይሄን ይሰማዋል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ካርዱን ሲያነብ «የማን ነበረ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

መምህርት ሰዋስው
ወንድሜ ተርጓሚው ባሉት ላይ ስለ አጠቃቀሙ ልጨምር።

ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ከስም በፊት ይቆማል። ከኋላው የሚወዳቸው ስሞች አሉ፦ ትዝታ፣ ሕልም፣ ተስፋ፣ ወግ፣ ነፃነት፣ ጓደኛ፣ እና ንብረት («ፖዜሽን»)። እንደምታዩት አብዛኞቹ በእጅ የማይዳሰሱ ናቸው፤ ለዕቃ ሲውል እንኳ በዕቃው ላይ የተንጠለጠለ ትዝታ አለ ማለት ነው። ከግስ በኋላ ሲመጣ ደግሞ «ባይ» የሚለውን መስተዋድድ ይዞ ባለቤቱን ይጠቁማል፤ «ኢዝ ቼሪሽድ ባይ ዘ ፋሚሊ»። ምክንያቱን መጨመር ከፈለጋችሁ «ፎር» ይከተላል።

ማጉያ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። «ቬሪ ቼሪሽድ» አይባልም፤ ቃሉ ከግስ የወጣ ስለሆነ «ዲፕሊ»፣ «ማች» ወይም «ሞስት» ይፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ለተያዘ ምኞት «ሎንግ» ከፊቱ ገብቶ በጭረት ይያያዛል፤ ከስም በፊት ሲሆን ጭረቱ አይቀርም። ግሱን ደግሞ በ«ኢንግ» ቅርጽ አታብዙት፤ «ቼሪሽ» እንደ «ማወቅ» እና «መውደድ» ያለ የሁኔታ ግስ ነው፣ በቀላል የአሁን ጊዜ ይበቃዋል።

የቅጽል ቅደም ተከተልም አለ። እንግሊዝኛ አስተያየትን ያስቀድማል፣ ከዚያ ዕድሜ፣ ከዚያ የተሠራበት ነገር፦ «ኤ ቼሪሽድ ኦልድ ሲልቨር ክሮስ»። «ሲልቨር ኦልድ ቼሪሽድ» ቢባል ትርጉሙ ባይጠፋም ማንም ተናጋሪ እንዲህ አይልም።

ፒያሳ ወርቅ ቤት
ስለ ጌጣጌጡ እኔ ልናገር፤ እዚህ ላይ የቃል ስህተት የገንዘብ ስህተት ስለሚሆን።

«ፕሬሸስ» በንግዱ ውስጥ የታወቀ ትርጉም አለው። «ፕሬሸስ ሜታል» ስንል ወርቅ፣ ብር፣ ፕላቲኒየም እና የፕላቲኒየም ወገን የሆኑት ናቸው፤ በአማርኛ «የከበሩ ማዕድናት» የምንለው። መስቀሉ ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ ቅይጥ ከተሠራ ውስጡ ብር የሚባል የለም፤ በእንግሊዝኛ ስሙ «ጀርመን ሲልቨር» ወይም «ኒኬል ሲልቨር» መሆኑ ብዙ ሰው ያሳስታል። እሱን «ፕሬሸስ» ማለት ውሸት ነው፤ «ሲልቨር ቶን» ወይም «ዋይት ሜታል» ብላችሁ ጻፉ። በብር የተለበጠ ከሆነ «ሲልቨር ፕሌትድ» ነው።

የማርያ ትሬዛውን በተመለከተ ሦስት ነገር አስተካክሉ። አንደኛ፣ ብሩ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ንጥር ብሩ ከሺህ 833 ነው፤ ማለትም 23.4 ግራም ገደማ። «ስተርሊንግ» የሚባለው 925 ስለሆነ ማርትሬዛን «ስተርሊንግ» ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ላዩ ላይ ያለው 1780 የተሠራበት ዓመት ማስረጃ አይሆንም። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ በተለያዩ አገሮች የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው፤ 20ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተመታም 1780 ይላል። ስለዚህ ካርዱ ላይ «አንቲክ፣ 1780» አትበሉ። ሦስተኛ፣ ጌጡ በእርግጥ ከአንድ ቤተሰብ የተገዛ ከሆነና ይሄን ማሳየት ከቻላችሁ ያኔ «ቼሪሽድ» ቦታ አለው። ካልሆነ ክብደቱንና የብር መጠኑን ጻፉ፤ ለገዥው ከቅጽል ይልቅ ይሄ ይጠቅመዋል።

ቸርችል ጎዳና
ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ኦፓሉ ላይስ? «ሰሚ ፕሬሸስ» ይባል?

ፒያሳ ወርቅ ቤት
አይባል። በድሮው አከፋፈል «ፕሬሸስ» የሚባሉት አልማዝ፣ ሩቢ፣ ሳፋየር እና ኤመራልድ ብቻ ነበሩ፣ የቀረው ሁሉ «ሰሚ»። ዛሬ ብዙ የድንጋይ ባለሙያዎች ይሄን ቃል ይሸሹታል፤ ምርጥ ኦፓል ከደካማ ሳፋየር በላይ ስለሚያወጣ ክፍፍሉ ምንም አይነግርም። «ጀምስቶን» በቂ ነው።

ኦፓል ላይ ግን «ፕሬሸስ» ሌላ ሙያዊ ትርጉም አለው። ሲያገላብጡት ቀለም የሚያጫውተው «ፕሬሸስ ኦፓል» ነው፤ ቀለም የማያጫውተው «ኮመን ኦፓል»። ወገል ጤና አካባቢ በ2008 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከተገኘ ወዲህ ገበያውን የሞላው የወሎ ኦፓል አብዛኛው ቀለም የሚያጫውት ስለሆነ ቃሉን በሙያ ትርጉሙ መጠቀም ትችላላችሁ። ግን ካርዱ ላይ አንድ መስመር ለጥንቃቄ ተዉ፦ አብዛኛው የወሎ ኦፓል ውኃ ይመጥጣል። ውኃ ውስጥ ሲገባ ግልጽ ይሆናል፣ ቀለሙ ለጊዜው ሊደበዝዝ ይችላል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ቅባትና ሽቶ ከመጠጠ ደግሞ ሊበልዝ ይችላል። በካራት ስለሚሸጥ (1 ካራት 0.2 ግራም ነው) ደርቆ ይመዘን።

ቀይ እስክሪብቶ
ለሁሉም ካርድ አንድ ቃል መፈለጉ ራሱ ነው ችግሩ። እያንዳንዱ ቃል የራሱ ሥራ አለው፣ እስቲ በዕቃ በዕቃ እንየው።

«ትሬዠርድ» ከ«ቼሪሽድ» ጋር በጣም ይቀራረባል፣ ብዙ ቦታ ይለዋወጣሉ። ልዩነቱ ከሥሩ ይታያል። «ትሬዠር» ሀብት ማከማቻ ነው፤ ስለዚህ «ትሬዠርድ» ሲባል የተቀመጠ፣ የተጠበቀ፣ ከሳጥን የሚወጣ ነገር ይታያል። ለተቋምም ይሆናል፤ ሙዚየም፣ ገዳም፣ ቤተ መጻሕፍት። ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የሚታይ አንድ የብራና መጽሐፍ «ትሬዠርድ» ቢባል ያስኬዳል። «ቼሪሽድ» ግን ሞቅ ያለ ነው፣ ወደ ቤትና ወደ ልብ ይጠጋል። ሰውን «ቼሪሽድ ፍሬንድ» ማለት የተለመደ ነው።

«ፕራይዝድ» ደግሞ ተፈላጊነት አለበት። ሌሎችም የሚመኙት፣ የሚያደንቁት፣ የሚፎካከሩበት ነገር ነው። ለዚህ ለንግድ ዕቃ ከሦስቱ የተሻለው እሱ ነው። ነገር ግን «ዲ»ዋን አትጣሉ። «ፕራይዝ ቡል» ውድድር ላይ ሽልማት ያገኘ ወይፈን ነው፤ «ፕራይዝድ ቡል» ባለቤቱ የሚኮራበት ወይፈን። «ፕራይዝ»ን በ«ሲ» ከጻፋችሁት ደግሞ «የዋጋ» ይሆናል፤ ይሄ ስህተት የሱቅ ማስታወቂያ ላይ በብዛት ይታያል፣ የፊደል ማረሚያ ፕሮግራምም አይይዘውም፣ ምክንያቱም ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ናቸው።

ቡና ቀማሽ
ቡናው ላይ ቀይ እስክሪብቶ ያሉት ነው ልክ። የቡና መግለጫ ላይ የሚሠራው «ፕራይዝድ ፎር» ነው፣ ከ«ፎር» በኋላ ግን የተለየ ነገር መምጣት አለበት። «ፕራይዝድ ፎር ኢትስ ኳሊቲ» ምንም አይነግርም፤ ሁሉም ቡና እንዲህ ይላል። ይርጋ ጨፌ ከሆነ የአበባ መዓዛውንና የሎሚ ዓይነት ኮምጣጣነቱን ጥቀሱ። የሐረር ደረቅ ቡና ከሆነ የፍራፍሬና የወይን ጣዕሙን። ከዚያ የታጠበ ወይም በደረቁ የተዘጋጀ መሆኑን፣ የተቆላበትን ቀን። ገዥ ቡና ላይ የሚፈልገው ይሄንን ነው።

«ቼሪሽድ» ቡና ላይ የሚገባው ስለ ሥርዓቱ ስትጽፉ ነው። ረከቦቱ፣ ቄጤማው፣ ዕጣኑ፣ አቦል ቶና በረካ፤ እሱ ሰዎች የሚሳሱለት ወግ ነው። ስለዚህ ጀበናው ካርድ ላይ «ኤ ቼሪሽድ ትራዲሽን» ብላችሁ ስለ ቡና ማፍላቱ ልታወሩ ትችላላችሁ፤ ጀበናው ራሱ ግን ገና ከምድጃ የወጣ ሸክላ ነው።

ገነት በአራዳ
ለብር መስቀሉ «ፕራይስለስ» ቢባልስ? ከሁሉም የሚበልጥ ይመስለኛል።

ቀይ እስክሪብቶ
እህቴ፣ «ፕራይስለስ» ዋጋ የማይተመንለት ማለት ነው። ከሥሩ 4,500 ብር የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ሁለቱ ይጋጫሉ። ቃሉ የሚሆነው ለማይሸጥ፣ ለማይተካ ነገር ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ያለችው ድንቅነሽ (3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት፣ በ1974 በአውሮፓ አቆጣጠር ሐዳር ላይ የተገኘች) «ፕራይስለስ» ናት፤ ሌላ የምትተካት የለችም። ደግሞ «ቬሪ ፕራይስለስ» ወይም «ሞር ፕራይስለስ» አይባልም፣ የማይተመን ነገር ደረጃ የለውም። በንግግር ላይ «ፕራይስለስ» በጣም የሚያስቅ ለማለትም ስለሚውል ስለ ሰው ስትጽፉ ተጠንቀቁ።

ገነት በአራዳ
ገባኝ። «ኢንቫሊዩብል» የሚለው ግን «ዋጋ የሌለው» ነው አይደል? «ኢን» አፍራሽ ስለሆነ።

የአራት ኪሎ ተርጓሚ
በፍጹም። ይሄ በሥራ ማመልከቻና በምስክር ወረቀት ላይ ብዙ የሚጎዳ አሳሳች ቃል ነው። «ኢን» እዚህ የሚያፈርሰው ዋጋውን አይደለም፣ ዋጋውን መለካት መቻልን ነው፤ ሊለካ ከሚችለው በላይ ጠቃሚ ማለት ነው። ዋጋ ቢስ ለማለት «ወርዝለስ» ወይም «ቫሊውለስ» አለ። «ኢንቫሊዩብል» ግን ለዕቃ ብዙ አይውልም፤ ለእርዳታ፣ ለምክር፣ ለመረጃ፣ ለሥራ ባልደረባ አስተዋጽኦ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ላይ የሠራተኛውን ድርሻ ለማመስገን ጥሩ ቃል ነው።

ከዚሁ ቤት «ቫሊውድ» አለ፤ እሱም ሁለት መንገድ አለው። «ቫሊውድ ከስተመር» የሚከበር ደንበኛ፤ «ቫሊውድ አት 5,000 ብር» ደግሞ የተገመተ። «አት» ሲከተል ግምት ነው፣ ክብር የለበትም። በየሱቁ በር ላይ «ውድ ደንበኞቻችን» የምንለው በእንግሊዝኛ «ዲር ከስተመርስ» ወይም «ቫሊውድ ከስተመርስ» ነው። «ኤክስፔንሲቭ» ብሎ የሚተረጉም ማሽን አለ፤ ማስታወቂያ ከማተማችሁ በፊት ሰው ያንብበው።

መምህርት ሰዋስው
አነባበብም ይታረም፤ ሻጮቹ ለቱሪስት ጮክ ብለው ስለሚያነቡት። «ቼሪሽድ» የሚጻፈው በ«ዲ» ነው እንጂ የሚነበበው «ቼሪሽት» ተብሎ ነው። ከ«ሽ» ድምፅ በኋላ ያለው «ኢዲ» ወደ «ት» ይጠጋል፤ ሁለት ክፍለ ቃል ብቻ ነው፣ «ቼሪሺድ» አይባልም። ጫናው የመጀመሪያው ላይ ነው። «ትሬዠርድ» እና «ፕራይዝድ» ግን በ«ድ» ያልቃሉ። «ቢላቭድ» ለብቻው ይለያል፤ ከስም በፊት ቅጽል ሲሆን ሦስት ክፍለ ቃል ሆኖ «ቢላቪድ» ተብሎ ይነበባል። «ፕሬሸስ» ሲጻፍ መካከሉ ላይ «ሲ» እና «አይ» አሉ፤ «ቲ» የሚያስገቡ አሉ፣ ስህተት ነው።

«ትሬዠር» ውስጥ ያለው «ዠ» በፊደላችን ስላለ ችግር የለውም፤ ወደ «ጀ» አትለውጡት።

ጋዜጣ አንባቢ
አንድ ነገር አልተነሳም። «ቼሪሽድ» የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ ሁልጊዜ ምስጋና አይደለም። የምርምርና የፖለቲካ ጽሑፍ ላይ «ቼሪሽድ ቢሊፍ» ወይም «ቼሪሽድ አሰምፕሽን» ሲመጣ፣ ቀጥሎ ያ እምነት ሊፈርስ ነው ማለት ነው ብዙ ጊዜ። ጸሐፊው ሰዎቹ በማስረጃ ሳይሆን በፍቅር የያዙት ሐሳብ ነው ሊል ፈልጎ ነው። የሚተረጉም ሰው «የተወደደ እምነት» ካለው ቃናው ይጠፋል፤ «የሙጥኝ ያሉት እምነት» ይሻላል። «ፕሬሸስ»ም እንዲሁ ነው። «ዩር ፕሬሸስ ፎን» በቁጣ ከተባለ «ይሄ የምትሞትለት ስልክህ» ነው። ከ«ሊትል» ወይም ከ«ፊው» በፊት ሲመጣ ደግሞ ክብሩ ይቀርና «በጣም» ይሆናል፤ «ፕሬሸስ ሊትል» እጅግ ጥቂት።

ሌላ፣ ከእንግሊዝ የመጣ የመኪና ወረቀት ላይ «ቼሪሽድ ነምበር» ወይም «ቼሪሽድ ትራንስፈር» የሚል ካያችሁ ስለ መኪናው ጥራት አያወራም። ባለቤቱ መርጦ የያዘው የሰሌዳ ቁጥር ነው፣ ወደ ሌላ መኪና ሊዛወር የሚችል። ሰሌዳው ከመኪናው ጋር ላይመጣ ይችላል ማለት ስለሆነ ሲተረጎም «በምርጫ የተያዘ የሰሌዳ ቁጥር» ይባል።

የአራት ኪሎ ተርጓሚ
ጥሩ ጭማሪ ነው። ለሐዘንና ለሠርግ ጽሑፍም አንድ ቃል፦ የሐዘን ካርድ ላይ የተለመደው አነጋገር «ኢን ላቪንግ ሜሞሪ» ነው፤ «ቼሪሽድ» ከአባት፣ ከእናት፣ ከባልንጀራ ስም በፊት ይግባ። «ኢን ቼሪሽድ ሜሞሪ» የሚሉ አሉ፣ ስህተት አይደለም፣ የመጀመሪያው ግን ለጆሮ የቀረበ ነው።

ፒያሳ ወርቅ ቤት
ጠያቂያችን፣ «ኤርሉም» የሚለውንም ረቂቁ ላይ ካለ አውጣው። በዘር የተላለፈ ዕቃ ማለት ነው፤ «ኤች» አይነበብም፣ ስለዚህም ከፊቱ «አን» ነው የሚገባው። አዲስ መስቀል ላይ «ቼሪሽድ ፋሚሊ ኤርሉም» ብሎ መጻፍ ገዥውን ከማሳሳቱ ሌላ ቦሌ ላይ ጣጣ ያመጣል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ካርዱ ራሱ «አሮጌ የቤተሰብ ንብረት ነኝ» እያለ ፈታሽ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አዲስ ሥራ ከሆነ አዲስ ነው በሉ፤ የላሊበላ ወይም የጎንደር ቅርጽ የተከተለ ከሆነ «ኢን ዘ ላሊበላ ስታይል» ይበቃል።

ቸርችል ጎዳና
በተባለው መሠረት እንደገና ተጽፏል፤ እዩልኝ። መስቀሉ፦ «በእጅ የተሠራ፣ 925 ብር፣ በላሊበላ ቅርጽ፣ 18 ግራም»፣ ቅጽል የለም። ኦፓሉ፦ «ፕሬሸስ ኦፓል፣ ወሎ፣ ከውኃና ከቅባት ይጠበቅ»። ቡናው፦ «ፕራይዝድ ፎር» እና የአበባ መዓዛው። ጀበናው፦ «ዩዝድ ኢን ኤ ቼሪሽድ ኮፊ ትራዲሽን»። የሀገር ልብሱ ላይ ግን «ቬሪ ትሬዠርድ ባይ ኢትዮጵያን ውሜን» ተብሏል፤ ይሄኛው እንዴት ነው?

መምህርት ሰዋስው
ልብሱ ላይ «ቬሪ» ይውጣ፣ «ማች» ይግባ። «ባይ ኢትዮጵያን ውሜን» የሚለውም ሰፊ ነው። ለበዓልና ለሠርግ የሚለበስ መሆኑን ተናገሩ፣ የጥበቡን ስፋት በሳንቲ ሜትር ጨምሩ፣ ጥጡ በእጅ የተፈተለ ከሆነ «ሃንድስፐን»፣ በእጅ የተሸመነ ከሆነ «ሃንድወቭን» ይጻፍ። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ናቸው፤ ብዙ ልብስ በፋብሪካ ክር በእጅ የተሸመነ ነው፣ ያ ከሆነ «ሃንድወቭን» ብቻ ነው የሚገባው። ጥልፉ በማሽን ከሆነም ይገለጽ።

ቀይ እስክሪብቶ
ጀበናው ላይ «ቼሪሽድ ኮፊ ትራዲሽን» ጥሩ ነው፣ ቦታ ካላችሁ ግን «በማን» የሚለውን መልሱለት፦ «ቼሪሽድ ኢን ኢትዮጵያን ሆምስ»። መስቀሉን እንዳለ ተዉት። ክብደቱ ላይ «18 ጂ» ስትጽፉ በቁጥሩና በፊደሉ መካከል ክፍተት ይኑር፣ ፊደሏም ትንሿ «ጂ» ትሁን።